የሃምሳ ፓስካል ምስክርነት፦ የቤት ጥብቅነት መለኪያ ከስዊድን እስከ ሊቶኒያ

ሊቶኒያ ስሟን ያገኘችው ከድንጋይ ነው፤ «ሊቶስ» በግሪክኛ ድንጋይ ማለት ነው። ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ የምትገኘው ይህች ትንሽ ከተማ በ1856 በከተማነት ከታወቀች በኋላ ለረጅም ዘመን የኖረችው ከምድሯ የሚፈለጠውን ግራጫ ድንጋይ በመሸጥ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአጠገቧ ያለው የአረቢያ ማውንቴን ገላጣ አለት የዚያ ዘመን ምስክር ሆኖ እስከ ዛሬ ይታያል። ይሁን እንጂ በሊቶኒያና በዙሪያዋ የሚኖሩት ቤተሰቦች፣ ኢትዮጵያውያኑም ጭምር፣ በአብዛኛው የሚያድሩት በድንጋይ ቤት ውስጥ አይደለም። ቤቶቹ በእንጨት ቋሚና አግዳሚ የቆሙ፣ ውስጣቸው በጂፕሰም ቦርድ የተለበደ፣ ፊታቸው በጡብ ወይም በፕላስቲክ ልባስ የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በሺህ የሚቆጠር መጋጠሚያ አለው፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያም ለአየር ትንሽ በር ሊሆን ይችላል።

ከ2011 መባቻ ወዲህ በጆርጂያ ግዛት አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው እነዚህን ትናንሽ በሮች አስለክቶ ውጤቱን ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ውጤቱም ከሌሎች የኢነርጂ መረጃዎች ጋር በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥኑ ላይ ወይም በአጠገቡ በሚለጠፍ የምስክር ወረቀት ላይ ይሰፍራል። አብዛኛው የቤት ገዢ ያንን ወረቀት ሳያነብ ያልፈዋል። የሚያነበውም ቢሆን አንድ ቁጥር አይቶ ቤቱ «አልፏል» ብሎ ይረካል። ለመሆኑ ቁጥሩ ምን አረጋገጠ? ምንስ ሳያረጋግጥ ቀረ? መልሱ የሚገኘው መለኪያው ከመነሻው ለምን እንደተፈለገና በኋላ ለምን ሥራ እንደዋለ በሚናገረው ታሪክ ውስጥ ነው።

ነዳጅ ሲወደድ ቤት ተመረመረ

በ1973 የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ሽያጭ ማገዳቸው ምዕራባውያን መንግሥታት ስለ ቤት ያላቸውን አስተያየት ለወጠው። እስከዚያ ድረስ ቤት ማሞቅ የነዳጅ አቅርቦት ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የግድግዳና የጣሪያ ጥያቄ ሆነ። መሐንዲሶች በግድግዳ በኩል የሚያልፈውን ሙቀት ማስላት ያውቁበታል። ሙቅ አየር ራሱ በስንጥቅ ሾልኮ ሲወጣና ቀዝቃዛው ሲተካው ምን ያህል ሙቀት እንደሚጠፋ ግን በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም።

ቀድሞ የነበረው ዘዴ ጠቋሚ ጋዝ መጠቀም ነው። እንደ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ያለ በተፈጥሮ አየር ውስጥ የማይገኝ ጋዝ ቤት ውስጥ ይለቀቅና እየሳሳ የሚሄድበት ፍጥነት ይመዘገባል። ዘዴው እውነተኛውን የአየር ለውጥ ያሳያል፤ ችግሩ የሚያሳየው የዚያን ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። ነፋስ ሲነሣ ወይም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያው ቤት ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ሁለት ቤቶችን ለማወዳደር፣ ወይም አንድን ቤት ከጥገና በፊትና በኋላ ለማነጻጸር፣ የአየሩ ጠባይ የማያናውጠው መለኪያ አስፈለገ።

መልሱ የመጣው ከስዊድን ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ማራገቢያ በመስኮት ላይ ገጥመው የቤቱን አየር በመሳብ፣ በውስጥና በውጭ መካከል ተፈጥሮ ከምታመጣው እጅግ የበለጠ የግፊት ልዩነት ፈጠሩ። ልዩነቱ 50 ፓስካል ሲደርስ ነፋስና ቅዝቃዜ የሚያመጡት መዋዠቅ በአንጻሩ አነስተኛ ይሆናል። ይህ ግፊት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ነፋስ ቤቱን በአንድ ጊዜ ከሁሉም አቅጣጫ ቢመታው ከሚፈጥረው ጋር ይቀራረባል። ማራገቢያው ይህን ግፊት ጠብቆ ለማቆየት በሰዓት የሚያስወጣው አየር በቤቱ ይዘት ሲካፈል «በሰዓት ስንት ጊዜ የቤቱ አየር ሙሉ በሙሉ ይለወጣል» የሚለውን ቁጥር ይሰጣል። የስዊድን የ1975 የሕንፃ ደንብ ለአንድ ቤተሰብ ቤት የፈቀደው ከፍተኛ ልክ 3 ነበር።

ዘዴው አትላንቲክን የተሻገረው ከሰው ጋር ነው። ኦኬ ብሎምስተርበርግ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ በ1979 ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መጣ። በፕሪንስተን እነ ሮበርት ሶኮሎው፣ ዴቪድ ሃርጂ፣ ጋውታም ደትና ኬን ጋድስቢ በኒው ጀርዚ በምትገኘው ትዊን ሪቨርስ መንደር ያሉትን ቤቶች ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። በአንድ ንድፍ የተሠሩ ቤቶች የሚፈጁት ኃይል እጅግ እንደሚለያይ አስተውለዋል፤ ሙቀቱ በስሌት ከሚጠበቀው በላይ ወደ ላይ እንደሚያመልጥም ደርሰውበታል። መንገዱ በመስኮትና በበር ዳር የሚታየው ስንጥቅ ብቻ አልነበረም። በግድግዳ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ፣ የቧንቧና የሽቦ ማለፊያው፣ የጭስ ማውጫው ዙሪያ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ቦታ በቀጥታ የሚያሻግር ስውር ጎዳና ሆኖ ተገኘ። ማራገቢያው ከመስኮት ወደ በር ተዛወረና መሣሪያው «ብሎወር ዶር» ተባለ።

በካናዳ ደግሞ ሃሮልድ ኦር የተባለ መሐንዲስና ባልደረቦቹ በ1977 በሬጃይና ከተማ የሳስካችዋን ኮንሰርቬሽን ሃውስን ሠርተው በማራገቢያ ለኩት። በዚያ ብርድ አገር ውጤቱ ከ1 በታች ሆነ። በካሊፎርኒያ የሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ማክስ ሸርማንና ዴቪድ ግሪምስሩድ፣ በማራገቢያ የተገኘውን ቁጥር ከነፋስና ከሙቀት ልዩነት ጋር የሚያዛምድ ስሌት በ1980 አቀረቡ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የአለካክ ስታንዳርድ በ1981 ወጣ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ማጤን ይገባል። መሣሪያው የተወለደው የፍለጋ መሣሪያ ሆኖ ነው። ማራገቢያው እየሠራ ሳለ ባለሙያው እጁን ወይም የጭስ መፈተሻ ይዞ በየክፍሉ ይዞራል፤ አየሩ የሚገባበትን ቦታ ያገኛል፤ ይደፍናል፤ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ የሥራው መሻሻል ማሳያ ነበር። በዚህ አገልግሎቱ የ10 በመቶ ስህተት ቢኖርበት የሚጎዳው ሰው የለም፤ ቀዳዳው ተገኝቶ ተደፍኗልና።

ከፍለጋ ወደ ፍርድ

ቁጥሩ ወደ ሕግ ሲገባ ግን ሥራው ተለወጠ። የአሜሪካ ግዛቶች የሚመሩበት የ2009 ሞዴል የኢነርጂ ኮድ ልኩን 7 አድርጎ፣ ሠሪው በማራገቢያ ከማስለካትና በዓይን ከማስመርመር አንዱን እንዲመርጥ ፈቀደ። ጆርጂያ ያንን ኮድ ስትቀበል ምርጫውን አነሣች፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮ መለካት ግዴታ ሆነ። ግዛቲቱ በዚህ ረገድ ከአሜሪካ ቀዳሚዎቹ መካከል ነበረች። ይህ ብዙዎችን ያስገርማል፤ በኢነርጂ ሕግ ጥብቅነት ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ካሊፎርኒያና የሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ናቸውና። ሆኖም በአትላንታ ከ1978 ጀምሮ ስለ ቤትና ስለ ኃይል ቁጠባ የሚያስተምረው ሳውዝፌስ የተሰኘ ተቋም ነበረ፤ በመለኪያው የሠለጠኑ ባለሙያዎችም ቀድሞውኑ በሥራ ላይ ነበሩ። የሕጉ መሬት የታረሰው ከሕጉ በፊት ነው።

ቀጥሎ የሆነው ልኩ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ያሳያል። የ2012ቱ ሞዴል ኮድ መለካትን በሁሉም ዘንድ ግዴታ አድርጎ፣ በጣም ሞቃት ለሆኑ አካባቢዎች 5፣ አብዛኛውን ጆርጂያ ጨምሮ ለቀሩት 3 የሚል ወሰን አስቀመጠ። ጆርጂያ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ያጸደቀችው ለአንድ ቤተሰብ ቤት 5 የሚለውን ነው። በጀርመን የፓሲቭ ሃውስ መሥፈርት የሚጠይቀው 0.6 ነው። በሰባት፣ በአምስት፣ በሦስትና በዜሮ ነጥብ ስድስት መካከል ያለው ልዩነት የፊዚክስ ልዩነት ብቻ አይደለም። የቤት ሠሪዎች ማኅበራት አቅም፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የአየር ጠባይና የሕግ አውጪዎች ድርድር በየቁጥሩ ውስጥ አለ።

ለሊቶኒያ ደግሞ የጊዜው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በደቡብ ዲካልብ ያሉት ሰፊ የመኖሪያ መንደሮች በአብዛኛው የተሠሩት ከሕጉ በፊት ባሉት አሥርት ዓመታት ነው። ከ2008 በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት አካባቢው በቤት ብድር ቀውስ ክፉኛ ተመታ፤ ብዙ ቤት በባንክ ተወረሰ፤ አዲስ ግንባታም ቆመ። ግዴታው በሥራ ላይ የዋለው እንግዲህ የግንባታው ማዕበል ካለፈ በኋላ ነው። ከቀውሱ በኋላ በወረደ ዋጋ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉት ቤቶች ሲሠሩ የመለካት ግዴታ ያልነበረባቸው ናቸው። ሕጉ የሚጠብቀው ነገ የሚሠራውን ቤት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚኖረው ደግሞ ትናንት በተሠራው ውስጥ ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

በመጀመሪያ ለመሣሪያው የሚገባውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። በአግባቡ የተስተካከለ ማራገቢያ የሚያልፍበትን አየር በ3 በመቶ ገደማ ስህተት ይለካል፤ የግፊት መለኪያው ስህተት ከዚያም ያነሰ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በአንድ አዘገጃጀት፣ በ50 ፓስካል ሁለት ጊዜ የተለካ ቤት እጅግ የተቀራረበ ውጤት ይሰጣል። ከሕንፃ መለኪያዎች መካከል እንዲህ ርካሽ፣ ፈጣንና ተደጋጋሚ የሆነ ጥቂት ነው። ስህተት የሚበዛው ከመሣሪያው ውጭ ነው።

አንደኛው ምንጭ አካፋዩ ነው። 2,400 ካሬ ጫማ ስፋትና 9 ጫማ ከፍታ ያለው ቤት ይዘቱ 21,600 ኪዩቢክ ጫማ ነው። የ5ን ልክ ለማለፍ በደቂቃ ከ1,800 ኪዩቢክ ጫማ በላይ አየር ማሳለፍ የለበትም። መለኪያው 1,980 ቢያነብስ? እውነተኛው ውጤት 5.5 ነው፤ ቤቱ ወድቋል። ይሁን እንጂ ለካዩ ይዘቱን በ10 በመቶ አብዝቶ 23,760 ብሎ ቢመዘግብ ውጤቱ ልክ 5 ይሆንና ቤቱ ያልፋል። ምድር ቤቱ ይቆጠራል? ከወለሉ ሥር ያለው ክፍት ቦታስ? ከፍ ያለው የሳሎን ኮርኒስ እንዴት ተሰላ? አንዲት ስንጥቅ ሳትደፈን፣ በሜትርና በእርሳስ ብቻ ቤት «ይጠብቃል»።

ሁለተኛው የቤቱ አዘገጃጀት ነው። የምድጃው ጭስ መሳቢያ፣ የልብስ ማድረቂያው መውጫ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያና የእሳት ምድጃው በልኬቱ ጊዜ ይዘጋሉ ወይስ እንዳሉ ይተዋሉ? ስታንዳርዶቹ በዚህ ላይ የተለያየ ደንብ አላቸው። ዓለም አቀፉ ስታንዳርድ ራሱ ከአንድ በላይ የአለካክ መንገድ ይፈቅዳል፤ ለየትኛው ዓላማ የትኛው እንደሚሠራበት ይለያል። በተለያየ አዘገጃጀት የተገኙ ሁለት ቁጥሮችን ማወዳደር ከነእርጥበቱ የተመዘነ እህልን ከደረቅ እህል ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ሦስተኛው የአየሩ ሁኔታና ወቅቱ ነው። ነፋሱ የሚያናውጠው ግፊት 3 ፓስካል ቢሆን ከ50 ውስጥ 6 በመቶ ብቻ ነው፤ ልኬቱ በ10 ፓስካል ቢደረግ ግን ያው 3 ፓስካል 30 በመቶ ይሆናል። እንጨትም በበጋ እርጥበት ያብጣል፣ በክረምት ድርቀት ይኮማተራል። በኦገስት የተለካ የጆርጂያ ቤት በጃንዋሪ እዚያው ቁጥር ላይ ይገኛል ብሎ መማል አይቻልም።

አራተኛውና ትልቁ፣ ሰው ማወቅ የሚፈልገው በ50 ፓስካል የሆነውን አለመሆኑ ነው። ቤት በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚያየው ግፊት 4 ፓስካልና ከዚያ በታች ነው። ከ50 ወደ 4 ለመውረድ የስንጥቆቹን ጠባይ የሚገልጽ አንድ አርቢ ቁጥር ያስፈልጋል፤ በንድፈ ሐሳብ ከ0.5 እስከ 1 ሊሆን ይችላል፤ በተለምዶ 0.65 ይወሰዳል። በ50 ፓስካል 1,800 ያሳለፈው ቤት አርቢው 0.6 ከሆነ በ4 ፓስካል የሚያሳልፈው 395 ገደማ ነው፤ 0.7 ከሆነ 307 ገደማ። ሁለቱ ቤቶች በምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው፤ በኑሮ ግን ከሩብ በላይ ይለያያሉ። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው «ለ20 አካፍል» የሚለው አቋራጭ 5ን ወደ 0.25 ያወርዳል። ይህም የአየሩን ጠባይ፣ የቤቱን ከፍታና ከነፋስ የተከለለ መሆኑን የማያውቅ ግምት ነው። በሚኒሶታ ክረምት ሙቅ አየር በብርቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ በሊቶኒያ ለዘብ ያለ ክረምት ያው ቀዳዳ የሚያሳልፈው ያነሰ ነው።

እነዚህ ሁሉ በሐቀኛ ባለሙያ እጅ የሚደርሱ ስህተቶች ናቸው። ወደ ላይም ወደ ታችም ሊያዘነብሉ ስለሚችሉ በብዙ ቤቶች ሲደመሩ በከፊል ይጣፋሉ። ከዚህ የሚከፋው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብለው ነው።

ሚዛኑን የያዘው ማን ነው?

በገበያ ሚዛኑን የሚይዘው ሻጩ ከሆነ ገዢው ዓይኑን ከመርፌው አይነቅልም። በቤት ልኬት ገዢው በቦታው የለም። ለካዩን የሚቀጥረውና የሚከፍለው በአብዛኛው ሠሪው ነው፤ ቤቱ ከወደቀ የሚዘገየው ሽያጩ ነው፤ የነገውን ሥራም የሚሰጠው ይኸው ሠሪ ነው። ለካዩ ሐሰተኛ ይሁን ማለት አይደለም። ሆኖም 5.1 በተነበበ ጊዜ «እስቲ የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ በፕላስተር ሸፍነን እንደገና እንየው» የሚለው ሐሳብ 4.9 በተነበበ ጊዜ ለማንም አይመጣም።

ይህ ሐሜት ብቻ እንዳልሆነ በብሪታንያ ታይቷል። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች እጅግ ብዙ የአዳዲስ ቤቶች ልኬት ውጤቶችን ሰብስበው በ2017 ያሳተሙት ጥናት ውጤቶቹ በተፈጥሯዊ መንገድ የተበተኑ አለመሆናቸውን አሳየ። ቤቶቹ ለማሟላት ከታቀደላቸው ልክ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ቦታ ላይ ተከማችተው ተገኙ፤ ከልኩ በላይ ግን ቁጥራቸው በድንገት ያሽቆለቁላል። የእንጨትና የጂፕሰም ስንጥቅ የመንግሥትን ልክ አያውቅም። ክምችቱ የሚመጣው ሰው ቁጥሩን እያየ ሲሠራ ነው፤ አንዳንዱ በእርግጥ የቀረውን ቀዳዳ ደፍኖ፣ አንዳንዱ ለልኬቱ ሰዓት ብቻ የሚቆይ ማሸጊያ ለጥፎ። ሁለቱን ከቁጥሩ መለየት አይቻልም፤ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ቤተሰብ ግን ልዩነቱን በየወሩ በኤሌክትሪክ ሒሳቡ ላይ ይከፍላል።

አዲስ አበባ የሠራ መሐንዲስ ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ኮንክሪት ሲሞላ ናሙና በኩብ ተወስዶ በ28ኛው ቀን በላቦራቶሪ ይጨፈለቃል። የላቦራቶሪው መጫኛ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ የሚናገረው ግን ስለ ኩቡ ነው። ኩቡን ማን ሞላው? ከየትኛው ቅልቅል? እንደ ምሰሶው በፀሐይ ላይ ዋለ ወይስ በውኃ ተንከባክበው አቆዩት? የመሣሪያ ትክክለኛነትና የማስረጃ ታማኝነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በካሊብሬሽን ይጠበቃል፤ ሁለተኛው የሚጠበቀው በተቋም ነው።

ቁጥሩ የማይናገረው

ቁጥሩ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ የቀዳዳዎቹን ድምር ይናገራል እንጂ ቦታቸውን አይናገርም። በሊቶኒያ ይህ ከሒሳብ በላይ ነው። ከተማዋን ያኖራት ግራናይት መሰል ድንጋይ በውስጡ ጥቂት ዩራኒየም አለው፤ ዩራኒየም እየፈረሰ በመጨረሻ ራዶን የተባለውን ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይሰጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዲካልብን ከኮብ፣ ከፉልተንና ከግዊኔት ጋር ከፍተኛ የራዶን ዕድል ካላቸው ካውንቲዎች መድቧል። በኤጀንሲው ግምት ራዶን በአሜሪካ በየዓመቱ 21,000 ለሚሆኑ የሳንባ ካንሰር ሞቶች ምክንያት ነው፤ ከማጨስ ቀጥሎ ሁለተኛው። ቤት በክረምት ሙቅ አየሩን ከላይ ሲያስወጣ ከታች የአፈሩን ጋዝ ይስባል። ውጤታቸው 5 ከሆነ ሁለት ቤቶች አንዱ አብዛኛው ቀዳዳው በመስኮት ዳር፣ ሌላው በወለሉ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ አይለያቸውም። ራዶንን የሚያሳውቀው የራዶን ምርመራ ብቻ ነው፤ በሊትር 4 ፒኮኩሪ ከደረሰ ቤቱ እንዲስተካከል ኤጀንሲው ይመክራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከከሰል ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ የገጠር ቤት ጢሱ በሣር ክዳኑና በግድግዳው አናት በኩል ይወጣል፤ ቤቱ አየር የሚያሳልፍ መሆኑ ከሞት የሚያድን ጠባይ ነው፤ ያም ሆኖ ጢሱ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ ጠባብ ቀዳዳ ቤት የገባ ሰው፣ በክረምት መስኮት ዘግቶ ለቡና ከሰል ቢያያይዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሄድበት መንገድ የለውም። በዲሴምበር 2006 በዋሽንግተን ግዛት ማዕበል መብራት ባጠፋ ጊዜ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ብዙ ቤተሰቦች ተመርዘዋል፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ መጤዎች ነበሩ፤ የሲያትል ጋዜጣም ማስጠንቀቂያውን በፊት ገጹ በተለያዩ ቋንቋዎች አትሟል። ቤት በጠበበ ቁጥር አየር የሚያስገባ መሣሪያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አስፈላጊነታቸው ይጨምራል። የስዊድንና የካናዳ ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው ጥብቅነትንና አየር ማስገቢያን አንድ ላይ ያስተማሩት ለዚህ ነው። በምስክር ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ብቻ ከጎላ ትምህርቱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ለሕግ አውጪ የሚተርፍ ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው መደምደሚያ መለካት ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ሳይለካ የቀረው የሊቶኒያ ቤት ከተለካው የተሻለ አይደለም፤ የስህተት ወሰን ያለው ቁጥር በዓይን ታይቶ «ደህና ነው» ከሚባለው ይልቃል። መደምደሚያው ሌላ ነው፤ አንድ መለኪያ ከፍለጋ ወደ ፍርድ ሲሸጋገር ቀድሞ የማያስፈልጉት ጥበቃዎች አብረውት መምጣት አለባቸው። ለፈላጊ 10 በመቶ ስህተት ምንም አይደለም፤ በ5.0 እና በ5.1 መካከል ለሚፈርድ ግን ልዩነቱ በስህተቱ ወሰን ውስጥ ጠፍቷል።

ጥበቃዎቹ ውድ አይደሉም። የቤቱ ይዘት የተሰላበት መንገድና የአዘገጃጀቱ ዝርዝር ከውጤቱ ጋር አብሮ ይመዝገብ። ካለፉት ቤቶች ጥቂቱ በዕጣ ተመርጠው፣ ሠሪው ባልቀጠረው ሰው ሰዎች ከገቡባቸው በኋላ እንደገና ይለኩ። ውጤቶቹ በአንድ ቋት ተሰብስበው ይታዩ፤ በልኩ ሥር የተከማቸ ውጤት ካለ በብሪታንያ እንደታየው ራሱን ያጋልጣል። የነባር ቤቶች ሽያጭም ልኬትን እንዲያበረታታ ይደረግ፤ የሚባክነው ኃይልና ገንዘብ በአብዛኛው እዚያ ነውና። በዲካልብ ደግሞ ከጥብቅነቱ ቁጥር አጠገብ የራዶን ውጤትና የአየር ማስገቢያው ሁኔታ ይጻፍ።

ይህ ለኢትዮጵያም ይጠቅማል፤ ግን በቀጥታ ተገልብጦ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ለዘብ ያለ አየር ስላላት ቤት በብዛት አይሞቅባትም፤ የስዊድንን 3 ወይም የጆርጂያን 5 ወደዚያ ማጋዝ ትርጉም የለውም። ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ደንብ የሚያረቅቅ ሰው ይዞ ሊሄድ የሚገባው ከቁጥሩ በፊት የሚነሡትን ጥያቄዎች ነው፦ መለኪያው የተፈጠረው ለምን ነበር? የምንጠቀምበት ለምንድን ነው? ከፋዩ ማን ነው? ዳግመኛ የሚያጣራውስ?

የሊቶኒያ ቤት ገዢም ከነዚህ ጥያቄዎች ድርሻ አለው። የኤሌክትሪክ ሣጥኑን አጠገብ አይቶ፣ ወረቀቱ ካለ ቀኑንና የለካውን ሰው ማንበብ፣ ከሌለ ቤቱ አለመለካቱን ማወቅ፣ ከመፈረሙም በፊት የራዶን ምርመራ መጠየቅ ይችላል። ልኬት ካስደረገም ማራገቢያው ሳይጠፋ ከለካዩ ጋር በየክፍሉ ይዙር። እጁን በኮርኒሱ መብራት፣ በሶኬቱና በወለሉ ጠርዝ ላይ አድርጎ አየሩ ከየት እንደሚመጣ ይወቅ፤ ወረቀቱ የማይነግረው ይህንን ነውና።